ከበጀቱ ጀምሪ

እስቲ ጠጋ በይ፣ ላንብበው። «ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ፣ የጥንታዊ ሥልጣኔ ባለቤት የሆነች አገር ናት።» ይሄንን አጥፊው። ገምጋሚው ኢትዮጵያ የት እንዳለች ባያውቅ ኖሮ የፕሮፖዛል ጥሪውን ለእኛ ባላወጣው። ሁለተኛውንም አንቀጽ አጥፊ። «እንደሚታወቀው የሴት ተማሪዎች ችግር ዘርፈ ብዙ ነው» ትያለሽ፤ የሚታወቅ ከሆነ ምን አጻፈሽ? ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የተደበቀችው ነገር ናት ፕሮፖዛሉ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሴት ተማሪዎች የወር አበባቸው በመጣ ቁጥር ከትምህርት ይቀራሉ፤ እናንተ ደግሞ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ እየሰፋችሁ ታድላላችሁ። እሷን ከላይ አውጫት፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትሁን።

ግን ይሄ ሁሉ ቆይቶ የሚታረም ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ አሥራ ምናምን ገጽ ጽፈሽ በጀቱን ገና አልነካሽውም። ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ ትረካውን አሳምሮ ጽፎ ጨርሶ፣ በመጨረሻው ሌሊት ለሒሳብ ሠራተኛው «በጀት ሥራልኝ» ይላል። አንቺ ገልብጪው። መጀመሪያ በጀቱን ሥሪ፣ ትረካው በጀቱን ያስረዳ። ገምጋሚ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ቀድሜ የምከፍተው በጀቱን ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጡትም እንደዚያው። ቃል ያማልላል። በጀት ላይ ግን ድርጅቱ በእውነት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ይታያል።

ያንቺን እንየው። ትረካው ውስጥ «2,000 ተማሪዎች ይጠቀማሉ» ብለሻል። ለገንዘቡ ያሰብሽውን ስትነግሪኝ ግን የሁለት ቀን ስብሰባ፣ የ60 ሰው አበል፣ የአዳራሽ ኪራይና ሻይ ቡና ነው። 2,000ዎቹ የት ሄዱ? ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ፣ የሰፊዎቹ ክፍያ፣ ከደብረ ብርሃን ወደየትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው መኪና የት አለ? ለአንዲት ተማሪ ስንት መጠበቂያ፣ አንዱ በስንት ብር፣ ስንት ወር ያገለግላል? ይሄን ከመለስሽ ግማሹን ትረካ ጽፈሽዋል ማለት ነው።

ደመወዙን ደግሞ በተጣራ እንዳታሰፍሪው። ልጅቷ እጇ ላይ የሚደርሰውን ጽፈሽ ግብሩንና ጡረታውን ከየት ልታመጪ ነው? ጠቅላላ ደመወዟን ጻፊ፣ በላዩ ላይ አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ጨምሪ። ግዢው ላይም 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አትርሺ፤ ድርጅት ስለሆንሽ ሻጩ አይተውልሽም። እነዚህ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ፕሮጀክት በስድስተኛው ወር ላይ እጁን እንዲሰጥ የሚያደርጉት።

የምንዛሪው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ዓመት በብር የተፈራረሙት ጨርቁም ነዳጁም ሲወደድባቸው የተፈራረሙበት ብር ባለበት ቆመ። በዩሮ ወይም በዶላር የተፈራረሙት ደግሞ የብር ትርፍ አገኙና «ይሄ ትርፍ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣባቸው። ስለዚህ በምን ገንዘብ እንደምትፈራረሚ፣ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚሰላ፣ ልዩነት ቢመጣ ገንዘቡ እዚያው ፕሮጀክት ላይ እንዲውል በማን ፈቃድ እንደሚሆን ሳትፈርሚ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢው። ለጋሹ መጠየቅሽን አይጠላውም፤ እንዲያውም ሒሳብ የምታውቂ መሆንሽን ያይበታል።

ይሄ ምንድነው? «ድርጅታችን ምንም ዓይነት የአስተዳደር ወጪ የለውም»? ይሄን ያስተማረሽ ማነው? የቢሮ ኪራይ የለሽም? ኦዲተሩ በነፃ ነው የሚሠራልሽ? ቅድስና ለማስመሰል የተጻፈ ውሸት ነው፤ ገምጋሚው ሲያየው ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው ያለው እንጂ ዜሮ ይሁን አላለም። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጊዜ ጣሪያው 30 በመቶ ነበር፤ ያኔ ግን የአስተዳደር የሚባለው ብዙ ነገር ስለነበር የአሠልጣኝ አበል ሳይቀር እዚያ እየተቆጠረ ሰው ሲታመስ ኖሯል። የዛሬው ይሻላል፤ በቀጥታ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ወጪ፣ ለምሳሌ የመስክ አስተባባሪሽ ደመወዝ፣ የአስተዳደር አይደለም። ለጋሹ ደግሞ የራሱ ጣሪያ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ለተዘዋዋሪ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 በመቶ ነው የሚሰጥሽ። የሕጉን 20 አይተሽ የለጋሹን 7 ብትረሺ፣ ኪራዩን ከኪስሽ ትከፍያለሽ።

የጊዜ ሰሌዳውንም በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ደርድረሽዋል። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ማለት ክረምቱ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ፣ መሀል ላይ ገባ ማለት ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ለማን ነው የምታድይው? ከዕደላው በፊት ደግሞ ከክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ከሚመለከተው ሴክተር ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈራረም አለ፤ እሱ በሳምንት አያልቅም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለስምምነቱ፣ ለግዢውና ለስፌቱ መድቢያቸው፤ ዕደላው ትምህርት ሲከፈት ይሁን።

ሎግፍሬሙን፣ የዓላማና የውጤት ሠንጠረዡን ማለቴ ነው፣ ለኔ ተይው፣ አብረን እንሠራዋለን። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ «ሥልጠና ሰጠን» ውጤት አይደለም፣ ሥራሽ ነው። ውጤቱ ልጆቹ የሚቀሩበት ቀን መቀነሱ ነው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፣ መምህራኑ የሚይዙት የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ ነው። ዕደላው ከመጀመሩ በፊት ያለውን መዝገብ ቅጂ ያዢ፤ መነሻ ከሌለሽ መጨረሻውን በምን ታሳያለሽ? (ይሄ ሠንጠረዥ በነገራችን ላይ ከሃምሳ ዓመት በፊት ለአሜሪካው የእርዳታ መሥሪያ ቤት ለዩኤስኤአይዲ ተብሎ የተሠራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ፣ ሠንጠረዡ ግን እኛን ማስጨነቁን አልተወም።)

ስለ ዩኤስኤአይዲ ካነሣን፦ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ አንድ ትእዛዝ ተፈረመና የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ቆመ። ሰኔ 24 ላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አቆመ። በአንድ ለጋሽ ብቻ ሲተዳደሩ የነበሩ ድርጅቶች ጥፋት ሳይኖርባቸው ሠራተኛ በተኑ። ስለዚህ ይሄ ፕሮፖዛል ቢያልፍም ባያልፍም፣ ማንም ያልወሰነብሽ ትንሽ ገንዘብ ያስፈልግሻል። አገር ውስጥ ገንዘብ የለም የሚሉሽን አትስሚ። የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃው መቄዶንያ ለጀመረው ሕንፃ ማስጨረሻ በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ስርጭት ከሕዝብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሰብስቧል። እሱን ልኮርጅ እንዳትይ ግን፤ ያ ብር የዓመታት እምነት ነው፣ የአንድ ሳምንት ስርጭት አይደለም። የሕፃናት ማሳደጊያ መሥራቿ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም ከግሸን ማርያም ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ፕሮፖዛል ጽፈው አልነበረም፤ ከለጋሹ በፊት የራሳቸው ጉልበት ቀድሟል።

አንቺ ከትንሹ ጀምሪ። የምታውቂያቸው ሃያ ሰዎች በየወሩ የተወሰነ ብር በቴሌብር ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይላኩ፤ ወደ ድርጅቱ ነው ያልኩት፣ ወደ አንቺ ስልክ አይደለም። በየሦስት ወሩ ምን እንደተሠራበት በአንድ ገጽ ላኪላቸው። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ በጎፈንድሚ እሰበስባለሁ ካለችሽ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሒሳብ እንደማይገባ ቀድማ ትወቀው፤ ማን እንደሚቀበለውና እንዴት እንደሚያስተላልፍ ሳይጻፍ አይጀመር። በዘመድ መሀል ያለ ገንዘብ ደረሰኝ ከሌለው ዘመዱንም ሥራውንም ያሳጣል። ደግሞ መስፊያ አለሽ እኮ! አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራ ፈቅዷል፤ ፈቃድ አውጥተሽ፣ ግብሩን ከፍለሽ ለግል ትምህርት ቤቶችና ለፋርማሲዎች መሸጥ ትችያለሽ። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፣ ወደ ዓላማሽ ነው የሚመለሰው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ይሄኛው ላይ ነበር የምጠነክረው።

ጥሪው «የአየር ንብረት» የሚል ቃል ስላለበት ያንን አንቀጽ የሰካሽው ይመስለኛል። አውጪው። የማትሠሪውን ሥራ ካሸነፍሽበት ትሠሪዋለሽ።

የጥሪው መዝጊያ ሰዓት በብራስልስ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፤ እነሱ 16፡00 ሲሉ እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ አረጋግጪ። በዚያች ሰዓት ኔትወርኩ ቢጠፋ ወይም መብራት ቢሄድ ማንም አይሰማሽም። ሁለት ቀን ቀድመሽ ላኪው።