ካፊያው እስኪያባራ አትጠብቂ

ልጄ፣ ሲያትል የገባሽው በነሐሴ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ የሬኒየር ተራራ ወለል ብሎ በሚታይበት ሰሞን። አሁን ኅዳር ሆኗል። ትናንት ስንደዋወል «ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?» አልሽኝ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሆነሻል ማለት ነው። ክረምቱን እንዲህ ተዘግተው አሳልፈው የካቲት ላይ ሰው ማየት ያስጠላቸው፣ እንቅልፍ የራቃቸው ወገኖች አውቃለሁና ጥያቄሽ አሳስቦኛል። የሚከተለውን ልብ ብለሽ አንብቢው።

1. መጀመሪያ የዝናቡን ጠባይ እወቂ። የሲያትል የዓመት ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ከዚህ ይበልጣል። የምትሸሺው ዝናብ ካደግሽበት ያነሰ ነው። የሚለየው አወራረዱ ላይ ነው። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሰማዩን አጥቁሮ፣ ነጎድጓዱን አስቀድሞ፣ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ ዶፉን ያወርደዋል። ሰው ያገኘው በረንዳ ሥር ይጠለላል፤ ትንሽ ቆይቶ ያባራል፤ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እዚያ መጠለል ብልህነት ነው፤ እኛም ከልጅነታችን የለመድነው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን በዓመት 150 ያህል ቀን ይዘንባል፣ አብዛኛውም ካፊያ ነው። ነጎድጓድ ብርቅ ነው። ጠዋት የጀመረው ማታም አለ፣ በማግስቱም አለ። ተጠልለሽ ብትጠብቂው ሚያዝያ ይደርስብሻል። ብርዱም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፤ በጥር ወር እንኳ ቀን ቀን 8 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ካፊያ እያለ መውጣት መልመድ አለብሽ፤ ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

2. ጥጥ ለብሰሽ አትውጪ። ይህን ስልሽ ከፋሽ ይሆናል፤ ነጠላችንም ጋቢያችንም ጥጥ ነውና። ጋቢው ለቤት ይሁን። ጥጥ ውሃውን ይጠጣና ይዞት ይቀራል፣ የሰውነትሽንም ሙቀት ይወስድብሻል። ጂንስ ሱሪ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። የበግ ጠጉር ግን ርሶም ያሞቃል። የመንዝ ሰው ጉምና ውርጭ በሚፈራረቁበት ደጋ ላይ በርኖስና ባና የሚለብሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ አያቶቻችን የፈተኑት ዕውቀት ነው። ከውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የስፖርት ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም ላይ ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት ልበሺ። ሲሞቅሽ አንዱን አውልቂ፣ ስትቆሚ መልሰሽ ልበሺ። ጃኬቱ ውሃውን ማንከባለል ትቶ መምጠጥ ከጀመረ አትጣይው፤ እጠቢውና ውሃ እንዳይዝ የሚያደርገውን ቅባት ወይም ርጭት ገዝተሽ አድሺው። ዣንጥላ ለከተማ መንገድ ይሆናል፤ ጫካ ውስጥ ግን ሁለቱም እጆችሽ ነጻ ይሁኑ። አዲስ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። በ1938 እዚሁ ሲያትል በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የተመሠረተው አር ኢ አይ ያገለገለ ዕቃም ይሸጣል። ገንዘብሽን ግን ከሁሉ በፊት በጫማው ላይ አውጪ።

3. ብርሃኑን ቅደሚው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ሰውን የሚጎዳው ከዝናቡ ይልቅ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ከ20 ላይ። ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ቀን ብቻ ነው ያለሽ። ስለዚህ የእረፍት ቀንሽን ጠዋት በመተኛት አትጨርሺው። የሌሊት ፈረቃ ስትሠሪ ከመተኛትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። ደመና ቢሆንም የውጭው ብርሃን ቤት ውስጥ ካለው አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ፦ በክረምት የዚህ አገር ፀሐይ በጣም ዘቅዛቃ ስለሆነች ቆዳችን ቫይታሚን ዲ አይሠራባትም፤ እንደኛ ጠቆር ላለ ሰው ደግሞ በበጋም ይከብዳል። እሱን በእግር ጉዞ አታገኚውም፤ ለሐኪምሽ ንገሪውና በደም ምርመራ ይታይልሽ።

4. ከቅርብ ጀምሪ። ሲዋርድ ፓርክ አጠገብሽ ነው፤ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር የሚዞረው አስፋልት መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጭቃ የለውም። መሐሉ ያለው ጫካ ከተማው ሳይቆረቆር የነበረ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ኩቦታ ጋርደን ሂጂ። ሬኒየር ቢች ውስጥ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ስንትና ስንት ሐበሻ በአጠገቡ እየነዳ ያልፋል፣ ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ፉጂታሮ ኩቦታ ከጃፓን የመጣ ስደተኛ ነበር። የአትክልት ሥራን ያስተማረው የለም፣ በራሱ ነው የተማረው። በ1927 ዛፉ ተቆርጦ ያለቀ ረግረግ መሬት ይዞ ድንጋይ እያመጣ፣ ኩሬ እየቆፈረ፣ ጥድ እየተከለ መሥራት ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት እሱንም ቤተሰቡንም ጃፓናዊ በመሆናቸው ብቻ አይዳሆ በረሃ ወዳለው የሚኒዶካ ካምፕ ወሰዳቸው። አትክልቱ ለዓመታት ተንከባካቢ አጥቶ አረም ዋጠው። ሲፈቱ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር እንደገና ጀመረ። ከተማው በ1987 ገዝቶ የሕዝብ መናፈሻ አደረገው። በዝናብ ቀን ሂጂና እዪው፦ ድንጋዩ ርሶ ይጠቁራል፣ በላዩ የበቀለው የድንጋይ ሽበት አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፣ የውሃውም ድምፅ ይጎላል። እንዳንቺ አገር ለቆ የመጣ ሰው፣ የዚህን አገር ዝናብ ወድዶ የሠራበት ቦታ ነው። ልብሽ ሲከፋ እዚያ ተቀመጪ።

5. ዝናቡ ምን እንደሚያመጣ ተከታተዪ። በኅዳር ካርኪክ ፓርክ ሂጂ፤ ፓይፐርስ ክሪክ በሚባለው ትንሽ ጅረት ከባሕር የመጡ ሳልሞኖች ለመራባት ሽቅብ ይወጣሉ። ጅረቱ በዝናብ ካልሞላ ዓሣው መውጣት ይቸግረዋል። እዚያ ቆመሽ ጀርባቸው ከውሃው በላይ ሲታይ ስታይ ዝናቡን በሌላ ዓይን ታዪዋለሽ። መኪና ያለው ጓደኛ ስታገኚ ደግሞ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ። በምዕራብ በኩል ያለው የሆ ደን በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ ዛፉ ከሥር እስከ ጫፍ ሽበት ለብሷል። ተራራው ደመናውን በዚያ በኩል ስለሚያስቀረው በሌላ በኩል ያለችው ሰክዊም የምትባል ከተማ የምታገኘው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካፊያው ከሰለቸሽ ወደዚያች ማምለጥ ይቻላል። በጉም ቀን ተራራ ጫፍ ላይ ወጥተሽ የምታዪው ነገር የለም፤ ያን ቀን ጫካና ጅረት ምረጪ።

6. የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። ኃይለኛ ነፋስ አለ ከተባለ ጫካ አትግቢ፤ መሬቱ ርሶ ሥሩ ስለሚላላ ትልልቅ ዛፎች ይወድቃሉ። ከተማው ላይ ካፊያ ከሆነ ተራራው ላይ በረዶ ነው፤ የበረዶ ናዳ ሰው ይገድላል፤ ሳትማሪ በክረምት ወደ ላይ አትውጪ። ብርድ የሚገድለው በውርጭ ብቻ አይደለም፤ በ8 ዲግሪም ርሰሽ ነፋስ ከመታሽ በቂ ነው። አብሮሽ ያለ ሰው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ እግሩ ከተደነቃቀፈ ጉዞው አለቀ፤ ደረቅ ልብስ አልብሺውና ተመለሱ፤ ካልተሻለው 911 ደውዪ። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለአንድ ሰው ሳትናገሪ አትሂጂ፤ ተራራው ውስጥ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ባትሪ ያዢ። እንጉዳይ ለቅመሽ እንዳትበዪ፤ መርዛማው እዚሁ ሲያትል ውስጥ ይበቅላል።

7. ስንቅሽ ከቤት ይሁን። ቆሎ፣ በሶ፣ ዝንጅብል ያለው ሻይ በፔርሙስ። በጾምም ያገለግላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጥታ ቡና ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሴቶችን አስከትለሽ ሲዋርድ ፓርክን አንድ ዙር ዙሩ። እናቶችንም ጥሪያቸው። «በዝናብ?» ብለው ይቆጣሉ፤ ሆኖም አንዴ ከወጡ በኋላ ራሳቸው እየደወሉ ይጠሩሻል።

8. ስትመለሺ ጫማሽን ጋዜጣ ጠቅጥቀሽበት አድርቂው፤ ማሞቂያ ላይ አታስቀምጪው፣ ይሰነጠቃል።

9. ስለ በጋም ከአሁኑ ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ሲጠራና ሲሞቅ ሰው ሁሉ ወደ ውሃ ይሮጣል። ወንዞቹ ግን የሚወርዱት ከበረዶ ነው፤ ባሕሩም በበጋ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የገባበትን ሰው ትንፋሹን ይነጥቀዋል፣ ዋና የሚችለውንም ጭምር። ከእኛ ደግሞ ዋና ሳይማር ያደገው ብዙ ነው፤ በየበጋው ወጣት እንዲህ ሲቀር መስማት ልቤን ይሰብረዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሺ ጀልባ ላይ አትውጪ። የሬኒየር ቢች ማኅበረሰብ ማዕከል ቤት ውስጥ ያለ መዋኛ አለው፤ ክረምቱ ለመማር ምቹ ነው። ከፈረቃሽ ጋር የሚስማማው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ጠይቂና ደውዪልኝ፤ እኔም አብሬሽ እመዘገባለሁ።