ነፋስ የከመረው አፈርና የከፋ ተዳፋት

ከፍ ያለ ለም ምድር ሁሉ በአንድ መንገድ አልተፈጠረም። በሰሜን ቻይና የሚገኘው ሰፊ አምባ ምድር የነፋስ ሥራ ነው። ከጎቢና ከአካባቢው በረሃዎች የተነሣው ደቃቅ አቧራ ከሁለት ሚሊዮን ለሚበልጡ ዓመታት በላይ በላዩ እየተነባበረ፣ ውፍረቱ በብዙ ስፍራ ከ100 ሜትር አልፏል። ሎስ የተባለው ይህ አፈር ለም ነው፤ በደረቀ ጊዜም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሁን እንጂ ውሃ በብዛት ሲገባው ይፈርሳል፤ ምድር ሲናወጥም ይናዳል። እ.ኤ.አ. በ1556 በሻንሺ ምድር በተናወጠች ጊዜ ብዙ ሕዝብ በዚሁ አፈር ውስጥ በተፈለፈሉ ዋሻዎች ይኖር ስለነበር፣ 830,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ተመዝግቧል። ዕፅዋቱ በተመነጠረበት ስፍራም ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወስዶ ቢጫ ወንዝ የተባለውን ታላቅ ወንዝ አደፍርሶታል።

የከፋ ደጋና ወይና ደጋ አፈጣጠር ከዚህ ይለያል። በቦንጋ ዙሪያ የሚታየው ቀይ አፈር በነፋስ የመጣ ሳይሆን፣ ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ዐለት በሙቀትና በዝናብ ብዛት እዚያው በስብሶ የተገኘ ነው። ሆኖም ሁለቱ ምድሮች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም የአፈሩ ጥልቀት ብቻውን ለጽናቱ ዋስትና አለመሆኑ ነው።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተጓጓዙት 600,000 ያህል ሰዎች ከፊሎቹ የሠፈሩት በከፋ ነበር። በተራቆተና ድንጋያማ በሆነ መሬት ላይ ሲያርስ ለኖረ ገበሬ፣ ጥልቁ ቀይ አፈር የማያልቅ ሀብት መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ይሁንና ደኑ ተመንጥሮ ተዳፋቱ ለጤፍና ለበቆሎ ሲታረስ፣ ክረምቱ የሚያገኘው ራቁቱን የቀረ መሬት ነው። አፈሩን አስተሳስሮ የያዘው ሥር ሲበሰብስና ውሃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ አፈሩ ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው ጠንካራ ንጣፍ ጋር ያለው መያያዣም ይላላል። ከዚያ ወዲያ ተዳፋቱ በአንድ ጊዜ ሊንሸራተት ይችላል።

የአደጋውን ክብደት ከከፋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የጎፋ ዞን አሳይቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደው ተዳፋት ቤቶችን ቀበረ፤ ለእርዳታ የተሰበሰቡትንም ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ስለሆነም የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ የአፈሩን ለምነት ብቻ መመልከት አይበቃም። ቤት ከቀጥ ያለ ተዳፋት ግርጌ መራቅ ይገባዋል፤ ቁልቁለቱ በደኑ እንደተሸፈነ ይቆይ፤ እርሻውም ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ በእርከን ይሠራ። መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፎች ሲያዘነብሉ ወይም የምንጭ ውሃ በድንገት ሲደፈርስ ቤተሰቡ ሳይዘገይ ቦታውን መልቀቅ አለበት። ከሰው በኋላ ለሚደርሱ ጎረቤቶችም ይኸው ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ ይችላልና። የከፋ ነባር ገበሬ ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር፣ እንሰቱን በጓሮው ማልማቱ ምግብ ከመስጠቱም በላይ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ሳይራቆት እንዲኖር ያደርጋል። አዲስ ሠፋሪ ከዘርና ከበሬ ጋር ይህንንም ትምህርት ሊያገኝ ይገባል።