ከቢታ ገነት ወደ ጣና፦ የደሴቶች የጀልባ ጉዞ አሰናዳድ

ከፋ በደንና በወንዝ የታደለ አገር ነው፤ ደሴት የበዛበት ሰፊ ሐይቅ ግን የለውም። ከቢታ ገነት ተነስቶ ከደሴት ደሴት በጀልባ መዘዋወር የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ጣና ያዙር። ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት፤ በብዙዎቹ ላይ ገዳማት አሉ። ጉዞው የሚሰምረውም የሚበላሸውም ጀልባው ከመፈታቱ በፊት፣ ዳር ላይ ባለው ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ወቅት ምረጡ። ክረምቱን እለፉት። ጥቅምትና ኅዳር ለጉዞ መልካም ቢሆኑም ለእኛ አገር ሰው የቡና ለቀማ ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት ይመቻሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ወይም ለምታርፉበት ሆቴል ደውላችሁ የመንገዱንና የሐይቁን ሰላም ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። መንገዱ በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ከዚያ ባሕር ዳር በጎጃም በኩል በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አቅሙ ያለው በአውሮፕላን ይሂድ።

ባሕር ዳር እንደደረሳችሁ ጀልባውን በዋዜማው ተነጋገሩ። ዋጋውን በደፈናው አትቁረጡ፤ የምታርፉባቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ በስም ጥሩ፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ተስማሙ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ ጠይቁ። ግማሹን ክፈሉና ቀሪውን ስትመለሱ ስጡ። ከዚያ ጀልባውን ራሳችሁ እዩ። ላይፍ ጃኬቱን በቁጥራችሁ ልክ አስቆጥሩ፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ካለ አስቀይሩ። መጠባበቂያ ነዳጅና መቅዘፊያ መኖሩንም አረጋግጡ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጣና እጅግ ሰፊ ቢሆንም በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ግማሽ ቀን ካላችሁ ክብራን ገብርኤልን፣ እንጦስ ኢየሱስንና ዘጌን ምረጡ። ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን እንደ ሞተሩ ጉልበት በአንድ አቅጣጫ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ስለሚወስዱ ሙሉ ቀን ስጧቸው። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ ዳጋ ላይ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ቦታ አለ። ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ አብራችሁ እህት ወይም እናት ካሉ መንገዱን ስትነድፉ አስቡበት። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ለማንሳት አባቶችን አስፈቅዱ።

እኔ ግን ለከፋ ሰው ዘጌን አስቀድሜ እመክራለሁ። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ስትወጡ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደ ቢታው ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት ክልክል ሆኖ በመኖሩ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ከአንድ የዘጌ ቡና ገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ለእኛ ከገዳማቱ ሥዕሎች ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መድቡለት።

ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታስሮ በሚሠራው ታንኳ መሄድ ካማራችሁ ዳር ዳሩን ብቻ፣ ውኃው ረግቶ ሳለ ይሁን። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ለዚህም ነው ባለቤቱ ሥራ ሲጨርስ ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው። ከመሳፈራችሁ በፊት የታችኛውን እስር በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉ፤ ረጥቦ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሌላ ታንኳ ጠብቁ። ስትሳፈሩ መሀል ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ባለጀልባው እንዳይጠጋ ንገሩት። ቢልሃርዝያ ስለሚያሠጋ አትዋኙ፣ ዳሩም ላይ እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ።

በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የሚባለው አረም ተንሰራፍቷል። አረሙ ሞተር ላይ ስለሚጠላለፍ በዚያ በኩል ለማለፍ ካሰባችሁ ባለጀልባው መንገዱን በቅርቡ የሄደበት መሆኑን ጠይቁ። መንገድ ላይ ነፋስ ቢነሳ ማንም ከመቀመጫው አይነሳ፤ ነጂው ቅርብ ወዳለው ዳርቻ ይጠጋና ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቅ። ለዚህ የሚሆን አንድ ሰዓት ከመጀመሪያው በስምምነታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ያለበለዚያ ባለጀልባው ሰዓቱ አለፈብኝ ብሎ በሞገዱ መሀል ሊቸኩል ይችላል።