ከመስከረም ባሻገር፦ ሀገር በቀል ቋሚ ተክሎችን ለአበባ ቀሳሚ ነፍሳት የመትከል አሠራር

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ፣ መጭና ማገጥ መስኩን ስለሚሸፍኑት፣ ዋናው የማር ቆረጣም ይህንኑ ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚካሄድ፣ ለንብ የሚሆን አበባ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀሳሚ ነፍሳት በዓመት ሁለት ጊዜ ይራባሉ፤ አንደኛው የበጋው ድርቀት ከበረታበት ጊዜ አንሥቶ የበልግ ዝናብ እስኪጥል ያለው ወቅት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝናቡ ነፍሳቱን ከበረራ የሚያግድበትና የአበባውን ወለላ የሚያጥብበት የክረምቱ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ነፍሳት የሚተክል ሰው ዕቅዱን መጀመር ያለበት ባዶ ከሆኑት ወራት ነው፤ መስከረም ራሱን ችሏል።

ቀሳሚ ነፍሳት የሚለው ስያሜ የማር ንብን ብቻ ሳይሆን ከመሬት በታች ማር የምትሠራውን ጣዝማ፣ ያለ መንጋ የሚኖሩትን ብቸኛ ንቦች፣ ቢራቢሮዎችንና አበባ የሚጎበኙ ዝንቦችን ያጠቃልላል። ወደ አበባ የሚስቧቸው በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ለበረራ ጉልበት የሚሰጠው ስኳራማ ፈሳሽ ማለትም ወለላ፣ እና በተለይ ንቦች ዕጫቸውን የሚመግቡበት በፕሮቲን የበለጸገው ብናኝ። ብናኙ በነፍሳቱ ሰውነት ተጣብቆ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲደርስ ርክበ ብናኝ ይፈጸማል፤ ፍሬና ዘር የሚገኘውም በዚሁ ነው። ቋሚ ተክል ደግሞ አንድ ጊዜ ተተክሎ ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖር ሲሆን፣ ዘሩን ጥሎ ከሚሞተው ዓመታዊ ተክል የሚለየው ሥሩ ጠልቆ እርጥበት ስለሚፈልግና ዝናብ በሌለበት ወር ለማበብ የተሻለ አቅም ስላለው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ከጳጉሜን ጋር አሥራ ሦስቱንም ወራት በወረቀት ላይ አስፍሮ፣ በግቢውና በአካባቢው የሚያብበውን ተክል ሁሉ በየወሩ መመዝገብ ነው። የማር ንብ ብዙ ኪሎ ሜትር በርራ የሩቅ ብሳና ወይም ባሕር ዛፍ ልትቀስም ስትችል፣ ትንንሾቹ ብቸኛ ንቦች ግን ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትሮች አይርቁም፤ ስለዚህ የጎረቤትን ዛፍ ተማምኖ ወሩን እንደ ሙሉ መቁጠር አያዋጣም።

ከዚያ ምርጫው ይከተላል። ለበጋው ቀዳሚው ግራዋ ነው፤ ሌላው ሁሉ በሚደርቅበት ወራት ነጣ ያለ አበባውን በዘለላ ያወጣል፣ ወለላም ብናኝም ይሰጣል። ለአጥር ሰንሰል ይመረጣል፤ ቅጠሉ መራራ በመሆኑ ከብት አይደፍረውም፣ አበባውንም ንቦች በብዛት ይጎበኙታል። ዳማከሴ ለጓሮ፣ ጦስኝ ውሃ ለማይቋጥር የደጋ ተዳፋት፣ ቀጋ ደግሞ ለግቢ ጥግ ይስማማሉ። የቀጋ ጥቅም በተለይ በብናኙ ነው፤ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው ክፍት አበባው ብናኙን ለነፍሳት ሲያጋልጥ፣ ከውጭ የመጣው ድርብርብ ጽጌረዳ ግን ብናኝ አፍሪ ክፍሎቹ ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጡ ለዓይን እንጂ ለንብ እምብዛም አይጠቅምም። ረጅም ቱቦ መሰል ብርቱካንማ አበባ ያለው ራስ ክምር በአንጻሩ ይበልጥ የሚስበው አበባ ቀሳሚ ወፎችን ነው። ቢራቢሮ ስለሚስብ ብቻ የወፍ ቆሎን መትከል ግን ስሕተት ነው፤ ባዕድ ወራሪ በመሆኑ የግጦሽ መሬትን እየዋጠ ይገኛል።

መሬቱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ሊሆን ይገባል። ክረምት ውሃ የሚተኛበት የዋልካ አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ ማበጀትና ዳሩ ላይ ማፋሰሻ ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል፤ በተለይ ጦስኝ ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

ችግኝ የማዘጋጀቱ ሥራ በሚያዝያና በግንቦት ይከናወናል። ከሰንሰልና ከዳማከሴ፣ እንዲሁም ዘሩ በቀላሉ ካልበቀለ ከግራዋ፣ ጤነኛና ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ተመርጦ አራት ያህል አንጓ ያለው ቁራጭ ይወሰዳል፤ የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ ይቆረጣል፣ ላይኛው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ይህም ሥር ማውጫው ከቡቃያ ማውጫው እንዳይምታታ ይረዳል። ከላይ ካሉት ጥቂት ቅጠሎች በቀር ሌላው ተራግፎ ሁለቱ አንጓዎች ከአፈር በታች ይገባሉ፤ ሥር የሚወጣው በተለይ ከእነዚህ አንጓዎች አካባቢ ነው። አፈሩ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ በችግኝ ፕላስቲክ ሊሞላ ይችላል። ጦስኝ ግን መቁረጥም አያስፈልገውም፤ መሬት የነካውን ግንዱን በአፈር ሸፍኖ ሥር እስኪሰድ መጠበቅ፣ ከዚያም ከእናቱ ለይቶ ማንሣት ይበቃል። ከማገጥ ዝርያዎችም በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰደው ቋሚው ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይራባል።

ተከላው ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ሲሆን ሥሩ መሬት ለመያዝ በቂ ጊዜ ያገኛል። ንብ በአንድ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ እየመረጠች ስለምትቀስም፣ አንዱን ዝርያ እዚህም እዚያም ከመበተን ይልቅ ሰብሰብ አድርጎ በአንድ ቦታ መትከል ይመረጣል። ሰንሰል በአጥር መስመር እስከ ግማሽ ሜትር ተቀራርቦ ሊተከል ሲችል፣ ቁጥቋጦው የሚንሰራፋው ግራዋ ግን ሦስት ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው በጋ የችግኙ መፈተኛ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ የሚገባ ውሃ ማጠጣት፣ በየቀኑ ላዩን ከማራስ ይሻላል። በችግኙ ዙሪያ ጉዝጓዝ ማልበስ እርጥበት ይይዛል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ብቸኛ ንቦች አፈር ቆፍረው ስለሚራቡ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥቂት ቦታ ሳይቆፈርና ሳይሸፈን ይተዋል። ጽዳት የሚወድ ባለቤት በዚህ ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከአበባው እኩል ይህ ባዶ መሬት አስፈላጊ ነው።

አገራረዙም ጥንቃቄ የሚሻው በተለይ በግራዋ ላይ ነው። ቅጠሉ ጋንና እንስራ ለማጠብ የሚፈለገው ለገናና ለጥምቀት ጠላ በሚጠመቅበት ሰሞን፣ ማለትም ተክሉ እምቡጥ በሚይዝበት ወይም በሚያብብበት ጊዜ ነው፤ አበባው የሚወጣውም ከቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ጫፉን መቀንጠስ የወሩን ቀለብ መቁረጥ ነው። መፍትሔው ቅጠሉን ከታችኛው ቅርንጫፍ ወይም ለዚሁ ከተለየ አንድ ቁጥቋጦ መውሰድ፣ ዋናውን ግርዛት ደግሞ አበባው ካለፈ በኋላ ማካሄድ ነው። ፀረ ተባይ አበባ ላይ አይረጭም፤ ግድ ከሆነም ነፍሳቱ ከበረራ ከተመለሱ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ አበባ ያልያዘውን ክፍል ብቻ በመርጨት ይወሰናል። በእህል ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ነፋስ ይዞት ሲሄድ በድንበሩ ያለውን መጭና ማገጥ ስለሚያጠፋ፣ መደቡን ከማሳው ራቅ ማድረግ ወይም በመካከል የሰንሰል አጥር ማቆም ጉዳቱን ይቀንሳል።

በሁለተኛው ዓመት የወራቱ መዝገብ እንደገና ይሞላል፤ አሁንም ባዶ የቀረ ወር ካለ፣ የሚቀጥለው ሚያዝያ ቁራጭ የሚዘጋጀው ለዚያ ወር ከሚደርስ ተክል ይሆናል።