የትንሿ ኮምፒዩተር የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ሥራ ሲያቆሙ ስለሚደረገው ምርመራ

ራዝቤሪ ፓይ የምትባለው፥ በአንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራችው ትንሽ ኮምፒዩተር በ2004 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር ከእንግሊዝ አገር ወጣች። ኢንተርኔት በማይደርስበት የገጠር ትምህርት ቤት፥ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም የዊኪፔዲያን ጽሑፍ በሚሞሪ ካርድ ይዛ ቤተ መጻሕፍት ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ኪቦርድና ማውስ የሚሰኩባቸው የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አንድ ቀን ዝም ያሉ እንደ ሆነ፥ ብዙ ሰው ሳይመረምር «ሞታለች» ብሎ በሣጥን ይቈልፍባታል። ለከሚሴና ለአካባቢዋ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት ሌላ መግዛት ቀላል አይደለምና፥ ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን አስቀድሞ በተራ መመርመር ይገባል።

አንደኛ። ጥፋቱ የቀዳዳው ነውን ወይስ የተሰካው ዕቃ? ይህን ለመለየት ኪቦርዱን በሌላ ኮምፒዩተር ሰክቶ ማየት ነው። ዕቃው ደኅና ከሆነ፥ ትንሿን ኮምፒዩተር አጥፍቶ፥ የኃይሉንም ገመድ ነቅሎ፥ ቀዳዳውን የደፈነ የቆላ አቧራ ቢኖር በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ውኃ ማስነካት ወይም መርፌ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ። የቀዳዳዎች ዝምታ ብዙ ጊዜ ከኃይል ማነስ ይመጣል። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣችው አራተኛዪቱ ራዝቤሪ ፓይ 5 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ትሻለች፤ ብዙ የስልክ ቻርጀር ግን ይህን ያህል አያደርስም። ገመዱም ቀጭንና ረዥም ከሆነ ኃይሉ በመንገድ ይባክናል፤ በቦርከና ዳር በመስኖ የሚያርስ ሰው ውኃ በረዥም ቦይ ሲሄድ እየቀነሰ መሄዱን እንደሚያውቅ፥ ይህም እንዲሁ ነው። ኃይሉ ከ4.63 ቮልት ያህል ሲወርድ በስክሪኑ ጥግ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይታያል። ይህን ያየ ሰው ከሁሉ በፊት አዳፕተሩንና ገመዱን ይለውጥ።

ሦስተኛ። የአራተኛዪቱ አራት ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድነት ከ1.2 አምፔር የበለጠ አይሰጡም። ለኪቦርድና ለማውስ ጥቂት ይበቃቸዋል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ሲነሣ ብቻውን ወደ 1 አምፔር ሊወስድ ስለሚችል ሌሎቹ ይራባሉ። እንግዲህ ሁሉን ነቅሎ አንዱን ብቻ ሰክቶ መሞከር ነው። ብቻውን ሲሆን የሚሠራ ከሆነ፥ ሃርድ ዲስኩ የራሱ አዳፕተር ባለው ማከፋፈያ በኩል ይሰካ።

አራተኛ። ኮምፒዩተሪቱ በኔትወርክ እንድትከፈት አስቀድሞ ተፈቅዶ እንደ ሆነ፥ ከሌላ ኮምፒዩተር ገብቶ ኤል፥ ኤስ፥ ዩ፥ ኤስ፥ ቢ የተባሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አገጣጥሞ መጻፍ ነው፤ ይህ ትእዛዝ የታወቁትን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ዕቃው በዝርዝሩ እያለ የማይሠራ ከሆነ ጥፋቱ የፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ከዝርዝሩ የሌለ እንደ ሆነም፥ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ የተጫነበት ሌላ ሚሞሪ ካርድ አግብቶ መሞከር ይገባል። በዚህ ከሠራች ሰሌዳዪቱ ደኅና ናት።

አምስተኛ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ባይሆን፥ ቀዳዳዎቹን የሚያስተዳድረው ቺፕ ሳይቃጠል አይቀርም። በ2008 ዓመተ ምሕረት በወጣችው በሦስተኛዪቱ የኔትወርክ ገመዱና የዩኤስቢው መንገድ በአንድ ቺፕ ያልፋልና፥ ሁለቱ አብረው ዝም ቢሉ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ነው። በአራተኛዪቱ ግን መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ኔትወርኩ እየሠራ ዩኤስቢው ብቻ ሊሞት ይችላል።

ቺፑ ቢቃጠል እንኳ ሰሌዳዪቱን መጣል አይገባም። ሦስተኛዪቱም አራተኛዪቱም የራሳቸው ዋይፋይ አላቸውና፥ በሌላ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ካርድ ቢገባባቸው ያለ ኪቦርድ መጻሕፍቱን ወደ ስልክ ማድረስ ይችላሉ። መምህሩም የሞከረውንና ያገኘውን ሁሉ በተራ በወረቀት ይጻፍ፤ ለተማሪዎቹም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያስረዳ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ይረዳዋልና።