የጭድ አተኛኘትና የጎታ ጥንካሬ

ገበሬዎች ሆይ! ጎታ ሲሰነጠቅ ነቀዝ ይገባል፤ የዓመቱ ልፋትም ከንቱ ይሆናል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ አያይዞ የሚይዘው የጤፍ ጭድ ነው። ይሁን እንጂ ጭድ የሚይዘው ስንጥቁን አቋርጦ ሲተኛ ነው፤ ከስንጥቁ ጋራ አብሮ የተኛ አይረዳም።

ስለዚህ ጭዱን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሳችሁ ጭቃውን በእግር ርገጡ። ተጠቅልሎ የቀረ ጭድ ጭቃ በመካከሉ ስለማይገባ ቦታውን ያደክማል።

እህል የጎታውን ሆድ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስንጥቁም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ ሆዱን ስትመርጉ እጃችሁን በዙሪያው አስኪዱ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አትሳቡ፤ ጭዱ የእጅን መንገድ ተከትሎ ይተኛልና። ያን ጊዜ እንደ መቀነት ሆኖ ሆዱን ያስራል። ከዚያም በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ።