በአንድ ከረጢት ሁለት መመዘኛ አይኑር

ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ አንድ ሰው በከረጢቱ ታላቅና ታናሽ መመዘኛ፥ በቤቱም ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ እንዳይኖረው ይከለክላል። ነጋዴ በታላቁ እየገዛ በታናሹ ቢሸጥ፥ ወይም ለዘመዱ በአንዱ ለባዕድ በሌላው ቢሰፍር፥ ጥፋቱ የእህሉ አይደለም፤ የመስፈሪያው ነው። እህሉ ንጹሕ ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ ሰፋሪው ግን ሐሰተኛ ነው። ለሥጋ ምግብ የሚሆነው ስንዴ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገው፥ ለነፍስ ምግብ የሚሆነውን ቃል የሚሰፍር ካህንና መምህርማ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ሕዝብ በሚከራከርበት ነገር፥ ይኸውም ስለ ደም መፍሰስ፥ ስለ ፍርድ መጓደል፥ ስለ ድኻ መበደልና ይህን ስለ መሳሰለው ሁሉ፥ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና መምህራን በአደባባይ ሲናገሩ ቃላቸው ጽኑ መሆን አለበት ሲባል ትርጓሜው ምንድን ነው? ጽናቱስ በምን ይታወቃል?

አስቀድሞ ጽናት ያልሆነውን ለይቶ ማስቀረት ያስፈልጋል። አንዳንዶች መምህር ለሰው ሁሉ በአንድ ዐይነት አነጋገር ካልተናገረ ወላዋይ ነው ይላሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን እንደ ገረዘው በግብረ ሐዋርያት በ16ኛው ምዕራፍ ተጽፏል፤ ቲቶ ይገረዝ ዘንድ በተፈለገ ጊዜ ግን በፍጹም እንዳልተበገረ እርሱ ራሱ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ይናገራል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሥራዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን ጢሞቴዎስን የገረዘው በዚያ አገር ለነበሩት አይሁድ ወንጌልን ሲያስተምሩ መሰናክል እንዳይሆንባቸው ነው፤ በቲቶ ነገር የጸናው ደግሞ ያለ ግዝረት መዳን የለም የሚል ትምህርት ስለ ተነሣ ነው። አድራጎቱ ሁለት ነው፤ መመዘኛው ግን አንድ ነው። ሐኪም ለሕፃንና ለጐልማሳ የመድኃኒቱን መጠን እንደሚለይ፥ መምህርም አነጋገሩን እንደ ሰሚው ሊለውጥ ይችላል። ሊለውጠው የማይገባው ፍርዱን ነው።

በዚያው ምዕራፍ የተጻፈው የአንጾኪያ ነገርም ለጕዳያችን ታላቅ ትምህርት አለው። ቅዱስ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ከማዕዱ ፈቀቅ አለ፤ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ሌሎቹ ተከተሉት። ልብ እናድርግ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ቀን አንዲት የስሕተት ቃል እንደ ተናገረ አልተጻፈም። የተለወጠው መቀመጫው ነው። የመሪ መቀመጫ ግን ራሱ ስብከት ስለ ሆነ ብዙዎችን ይዞ ሄደ። ነገሩ በሕዝብ ፊት የተደረገ በመሆኑም ቅዱስ ጳውሎስ በሕዝብ ፊት ገሠጸው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም ሁለቱ ሐዋርያት ሌላውን ለማስተማር ብለው ያደረጉት ነው ይላል። ትርጓሜው እንዲያም ቢሆን ትምህርቱ ያው ነው፤ የሚያዩት ሰዎች ሲለወጡ ማዕዱን የሚለውጥ መሪ፥ አፉ ዝም ቢልም መንጋውን ለሁለት ይከፍላል።

ከሐዋርያት በኋላ ከተነሡት አባቶች የአንዱን ታሪክ ብናነሣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ390 ዓ.ም. የተሰሎንቄ ሕዝብ የጦር አለቃውን ስለ ገደለ፥ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ወታደሮች በከተማው ሰው ላይ ወርደው ብዙ ሕዝብ ፈጁ፤ ታሪክ ጸሓፊው ቴዎዶሪጦስ የሞቱትን 7,000 ያደርሳቸዋል። የሚላን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ለንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ፥ ንስሓ ሳይገባ እርሱ ባለበት መሥዋዕት ለማቅረብ እንደማይደፍር አስታወቀው። ንጉሡም ራሱን ዝቅ አድርጎ በሕዝብ ፊት ንስሓ ገባ። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ ሲነገር ይኖራል።

ነገር ግን ከዚህ ሁለት ዓመት በፊት፥ በ388 ዓ.ም.፥ በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ በነበረችው በካሊኒኮስ ከተማ ክርስቲያኖች በኤጲስ ቆጶሳቸው ቀስቃሽነት የአይሁድን ምኵራብ አቃጥለው ነበር። ንጉሡ ኤጲስ ቆጶሱ ምኵራቡን መልሶ እንዲያሠራ በፈረደ ጊዜ፥ ይኸው አምብሮስዮስ ተቃወመ፤ ንጉሡ ትእዛዙን እንደሚተው እስኪያረጋግጥለት ድረስም ወደ መሠዊያው አልቀርብም አለ። ንጉሡም ተወ። እንግዲህ እኒህ አባት በሁለቱም ጊዜ ንጉሥን አልፈሩም፤ ድፍረት አልጐደላቸውም። የጐደለው የመመዘኛው አንድነት ነው። በደለኛው ንጉሡ ሲሆን የተበደሉት ሰዎች ደም ተጠየቀ፤ በደለኞቹ የገዛ መንጋ ሲሆኑ ግን የተበደሉት ሰዎች ካሳ ቀረ። ይህን ማንሣታችን አባቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ድፍረት ብቻውን ጽናት እንዳልሆነ፥ በታላላቆችም ላይ ወገን የሚባል ነገር ሚዛንን ሊያዘነብል እንደሚችል ለማስረዳት ነው እንጂ።

ከዚህ ጋራ ዮሐንስ አፈ ወርቅን እናስተያይ። በ398 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ መንበር ሲሾም እንዲመጣ ያደረገው የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ጃንደረባው አውትሮጵዮስ ነበረ። ውለታው ግን የመምህሩን አፍ አላሰረውም፤ ሰውየው በሥልጣን ሳለ ስለ ባለጸግነት ከንቱነት ይገሥጸው ነበር። አውትሮጵዮስም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽተው የሚማጸኑትን ሰዎች መጠጊያ የሚያሳጣ ሕግ አስወጣ። በ399 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ተሽሮ ወታደሮች ሲፈልጉት፥ ራሱ ሊዘጋው ወደ ደከመበት መማጸኛ ሮጦ ከመሠዊያው ሥር ወደቀ። ሕዝቡ ሞቱን ይመኝ ነበር። አፈ ወርቅ ግን ለሌላው ስደተኛ የጠየቀውን መጠጊያ ለጠላቱም አልነፈገውም፤ የሰውየውን ጥፋት ሳይሸፋፍን፥ ሕዝቡ ምሕረት እንዲለምኑለት አስተማረ። ወዳጅ ሲሆን አላቈላመጠውም፤ ሲወድቅ አልረገጠውም። አንድ መመዘኛ ማለት ይህ ነው።

በሀገራችንም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ለሕዝቡ ያስተማሩትን በጠላት ችሎት ፊት ሳይለውጡ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገድለዋል። ይህን ሁላችንም በክብር እናስታውሳለን። ነገር ግን በጠላት ፊት ከመጽናት ይልቅ በወገን ፊት መጽናት የሚከብድበት ጊዜ አለ። ጠላት ቢገድል የሰማዕትነት አክሊል ይገኛል፤ የወገንን ጥፋት የሚናገር ግን ከሃዲ ተብሎ ብቻውን ይቀራል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እንዲቆም የተደረገው ጦርነት ይህን ፈተና ወደ ደጃችን አምጥቶት ነበር። በሁለቱም ወገን ከሞቱት ብዙዎቹ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ፥ ከአንድ ጽዋ የጠጡ ነበሩ። እንግዲህ በአንዱ ወገን ስለምታለቅስ እናት በዐውደ ምሕረት እንባውን እያፈሰሰ፥ በሌላው ወገን ስለምታለቅሰው እናት ግን ዝም ያለ መምህር ቢኖር፥ ያፈሰሰው እንባ እውነተኛ ነው፤ መስፈሪያው ግን ጐድሏል።

ሚዛናችን የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ታላቅ ነገር ብቻ አይደለም። ለባለጸጋው ስለ ጠፋበት በሬ ግዝት የሚናገር ካህን፥ ለመበለቷ ስለ ተገፋው የመሬት ወሰን ዝም ቢል፤ የአራጣን ኀጢአት ሰብኮ፥ አራጣ አበዳሪው ተዝካር ሲደግስ በግብዣው ላይ ቢያወድሰው፤ የነፍስ አባትም ለድኻው ቀኖናውን አክብዶ ለሹሙ ቢያቀልለት፥ ምእመናን ሁሉን ያያሉ። አይተውም አባታችን ተሳሳቱ ብቻ አይሉም፤ ሕጉ ራሱ ለሰው ፊት የሚያደላ ይመስላቸዋል። ጕዳቱ ከመምህሩ አልፎ ወደ ወንጌሉ ይደርሳል። ዛሬ ደግሞ ስብከት በድምፅና በምስል እየተቀረጸ ስለሚኖር፥ አንድ መምህር አምና የተናገረውና ዘንድሮ የተናገረው ጐን ለጐን ይሰማል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ ያደረገውን እንመልከት። የበደለኛውን ስም ሳይናገር የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው፤ ዳዊትም የማን ጕዳይ እንደ ሆነ ሳያውቅ ፈረደ። ስሙ በኋላ በተገለጠ ጊዜ ፍርዱን ሊያጥፍ አልቻለም። እኛም ወደ አደባባይ ከመውጣታችን በፊት የበደለኛውንና የተበዳዩን ስም ከልባችን አውጥተን ሥራውን ብቻ እንመዝን። ቀጥሎም ስማቸውን አለዋውጠን፥ ያ የእኛ ወገን ይህ የሌላው ቢሆን ይህንኑ እናገር ነበርን? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ፥ ያዘጋጀነው ስብከት ሳይሆን ሙግት ነው።

ደግሞም ጽናት ማለት ግትርነት እንዳይመስለን። አንድ አባት እውነቱን በተሻለ ተረድቶ ቃሉን ቢያቀና ነውር የለበትም። ነውሩ ትናንት የተናገረውን ያልተናገረ መስሎ ማለፉ ነው። በአደባባይ የተነገረ ስሕተት በአደባባይ ይታረማል፤ ምክንያቱም ከነጥርጣሬው የቀረው ሕዝብ በጓዳ የተደረገውን እርማት አይሰማም።

ስለዚህ አባቶችና ወንድሞች፥ በዐውደ ምሕረት በቆምን ጊዜ ሕዝቡ ስንዴውን ብቻ ሳይሆን መስፈሪያውንም እንደሚያይ እንወቅ። ለንጉሥና ለድኻ፥ ለወዳጅና ለጠላት፥ ለቅርብና ለሩቅ በአንዱ እንስፈር። በሰፈርንበት መስፈሪያ ለእኛም የሚሰፍርልን ጌታ አለና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።